የማይፈጭ ሞተር

የኔታ ሞተሬን ባዩ ጊዜ «ልጄ፣ ይህ ምን ይፈጫል?» አሉኝ። ምንም አይፈጭም አልኳቸው። በቢቸና ሞተር ማለት ወፍጮ ነው፤ ካልሆነም ውኃ ይስባል። የእኔ ግን መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ በኩራዝ ነበልባል የምትዞር ትንሽዬ የስተርሊንግ ሞተር ናት። «እንግዲያ ከንቱ ድካም ነው» አሉ። ለማይጠቅም ነገር የሚደክም ሰው ዕድሜውን ከሰጠው አምላክ ይሰርቃል ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም አልናቅሁትም።

የዚህ ሞተር ፈልሳፊ ሮበርት ስተርሊንግ ራሳቸው የስኮትላንድ ቄስ ነበሩ፤ ሥራቸውን በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት በ1816 እ.ኤ.አ. ነው። ቦይለር የለውም። ውስጡ የታመቀው አየር በአንድ ወገን ሲሞቅ በሌላው ሲቀዘቅዝ ፒስቶኑ ይመላለሳል። ከኩራዝ የሚገኘው ጉልበት ግን ኢምንት ነው፤ ሰበቃ ከበላው ሞተሩ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚወድቀው ኩሽኔታው ላይ ነው።

በየጋራዡ የሚገኘው 608 ቁጥር ኩሽኔታ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእኔ ግንድ ነው። የምፈልገው 623ን ነው፦ ቀዳዳው 3፣ ስፋቱ 10፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። አዲሱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከቤት ወጪ ላይ ይነሳል። እኔ የምሄደው ሞጣ፣ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። የድሮ ቪዲዮ ዴኮች በማዳበሪያ ከረጢት አጭቆ አስቀምጧል። የዴኩ የሚሽከረከር ራስ ውስጥ ሁለት ድንቅ ኩሽኔታዎች አሉ። የኮምፒውተር ፋንም ይረዳል፤ ርካሹ ግን ዘይት የጠጣ ቀለበት እንጂ የብረት ብይ የለውም። የጎማ ክዳን ያለውን አልወስድም፣ ዙሩን ይይዛል። ግሪሱን በቤንዚን አጥቤ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርግበታለሁ። በጣቴ ሳዞረው ከሻከረ እጥለዋለሁ፤ የተጎዳ ኩሽኔታ በመለማመጥ አይድንም።

ለየኔታ ይህን ሁሉ ነግሬ ቅኔን አነሳሁባቸው። ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ ናቸው። ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ታዲያ እሱስ ምን ይፈጫል? ጥቂት ዝም ብለው «ቅኔ ለእግዚአብሔር ይቀርባል። ያንተ ለማን ነው?» አሉኝ። ባስልኤልን ጠቀስኩ፤ በኦሪት ዘፀአት ወርቁን፣ ዕንቁውን፣ እንጨቱን እንዲሠራ ጥበብ የተሞላው ሰው ነው። እሳቸው ግን ባስልኤል የሠራው ድንኳን የእግዚአብሔር ማደሪያ እንደነበር አስታወሱኝ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ሙቀትንና አየርን በሕግ ያጸና ጌታ ሕጉን በእጃችን ዳስሰን ስንደነቅ አይከፋም። ክራንክሻፍቷን ሳቃና የምሰጠው ትኩረት በጸሎት ሰዓት ከምሰጠው አያንስም፤ ይህን ስናገር እየተመጻደቅሁ አይደለም፣ በጸሎቴ አፍራለሁ እንጂ። የኔታን የምሰማበት አንድ ቦታ ግን አለ። ለዚህች ሞተር ብዬ የልጆቼን ደብተር ወይም የእናቴን መድኃኒት ካጎደልሁ፣ መደነቄ ሁሉ በሌላ ሰው ኪሣራ የተገዛ ይሆናል። ያኔ ከንቱ ከማለትም የከፋ ስም ይገባዋል። ከሞተ ዴክ የወጣ ኩሽኔታ የምፈልገው በንፍገት አይደለም፤ ደስታዬ ማንንም እንዳያስርብ ነው። ይህንን ስነግራቸው የኔታ ቤታቸው የቆመ አሮጌ ቴፕ እንዳለ ነገሩኝ፤ መጥቼ እንድፈታው ፈቀዱልኝ።