ለማን ይናገራል?

ባለፈው ሰሞን ለግቢያችን ካሜራ ልናስገጥም ባለሙያ ጠራን። «ሰውን ከድመት የሚለየው ካሜራው ራሱ ይሁን ወይስ ሶፍትዌር?» አለን። ካሜራው ያየውን እዚያው ይፈርዳል፤ ቺፑ ትንሽ ነውና ጥላውን ሁሉ ሌባ ሊለው ይችላል። ሶፍትዌሩ ይበልጥ ይለያል፤ ግን ምስሉ ሁሉ ሊደርሰው ይገባል። ኮምፒውተሩ ሳሎናችን ከተቀመጠስ እሰየው፤ የሩቅ ኩባንያ ሰርቨር ከሆነስ? በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ የሪንግ ሠራተኞች የደንበኞችን የመኝታ ቤት ቪዲዮ ሳይቀር አይተዋል ሲል ከሶ፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እኔ ካሜራውን መረጥኩ። ገመናዬ ከሚወጣ በጥላ ብባንን ይሻለኛል።

ማታ ለጥበቃችን ሳስረዳቸው፣ «ጋቢዬን ተከናንቤ ባሸልብስ፣ ለማን ይናገራል?» አሉኝ።

ለእኔ ነው። እሳቸውን ግን ቀድሜ አልጠየቅኋቸውም።