ስለ ወይን ትምህርት

የኢትዮጵያ ሰው ምድሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል መካከለኛውን ክፍል በወይን ስም ጠራው። ይህም ስም ወይን ለአገሩ እንግዳ ተክል እንዳልኾነ ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የመጡ የአውሮፓ መንገደኞችም፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በይፋግ የወይን ተክል እንደ ነበረ ጽፈዋል።

ከጎንደር ደጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርድ ሰው ግን የታች አርማጭሆን ከተማ ሳንጃን ያገኛል፤ ይህም ሙቀቱ የበረታ፣ ሰሊጥና ማሽላ ጥጥም የሚበቅልበት ቆላ ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ገበሬ፣ ልጁ «ወይን መትከልንና ወይን ጠጅ መጥመቅን በዩኒቨርሲቲ ልማር» ቢለው ምን ይመልስለት ይኾን? አባት በሰሊጥ አጨዳ ወራት የቀን ሠራተኛው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ለአረቄ ሲያስረክብ አይቷል። ስለዚህ «ልጄ፣ ፊደል የቈጠርኸው ሰው ለማስከር ነውን?» ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም።

ልጁም መልስ አያጣም። «እናቴ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ ጠላ ስትጠምቅ ማን ነቀፋት? ቢላዋ እንጀራም ይቈርጣል፣ ሰውም ይወጋል፤ ጥፋቱ የያዘው እጅ ነው» ይላል። ይህ መልስ እውነት አለበት፤ ነገር ግን እኩሌታው ብቻ ነው። ለቤቷ የምትጠምቅ እናት ለእንግዳና ለዝክር ትጠምቃለች፤ ጋኑ ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል። ፋብሪካ ግን ጋኑ እንዳያልቅ የቆመ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በዝዋይ ወይን አስተክሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ጠጁን ለገበያ አቅርቧል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቀጠር ምሩቅ እንጀራው ከሽያጩ ጋራ የታሰረ ነውና፣ «እኔ ቢላዋውን ሳልሁ እንጂ አልወጋሁም» ማለቱ ብቻ ነፃ አያወጣውም።

እንግዲህ ትምህርቱ ምን እንደ ኾነ ቀርቦ መመርመር ያስፈልጋል። በጀርመን አገር የጋይዘንሃይም ትምህርት ቤት በ1872 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በካሊፎርኒያም የወይን ትምህርት በ1880 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። ከዚያ አስቀድሞ በ1866 ዓ.ም. ፓስተር ወይን ጠጅ ስለሚበላሽበት ምክንያት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያው ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ከዐይን የምትሰወር ያህል ትንሽ ነፍሳት ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ገብታ፣ የወይኑን ሥር እየበላች የብዙ ገበሬ እርሻ አጠፋች። በ1868 ዓ.ም. የሞንፔልዬ ሊቃውንት የደረቀውን ትተው የታመመውን ተክል ሥር ቈፍረው ጠላቱን አገኙ፤ መድኃኒቱም የአውሮፓን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ኾነ። የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ የዳነው በዚህ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የወይን ትምህርት አብዛኛው ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ተክል በሽታና ስለ እርሾ እንጂ ስለ መጠጣት አይደለም።

ይኸው ትምህርት ስለ ሳንጃም የሚናገረው አለው። ወይን በሙቀት አገር ስኳሩ ፈጥኖ ይበዛል፣ ኮምጣጣነቱ ግን ይቀንሳል፤ ብርድ ስለሌለም ተክሉ አያንቀላፋም፤ ዕረፍቱን የሚሰጠው ገበሬው በመግረዝና ውኃውን በመቀነስ ነው። እንግዲህ ጥሩ መምህር ለቆላው ልጅ «አገርህ ለመልካም ጠጅ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ውኃ ካገኘህ፣ ፀሐዩና ረዥሙ በጋ ፍሬውን ለማድረቅ ይረዳሃል» ብሎ ሊነግረው ይችላል። የደረቀው ወይን ደግሞ ዘቢብ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የሚቀርበው ወይን ዘቢቡ በውኃ ርሶ የሚጨመቀው ነው፤ ምእመንም ስለቱን ሲያደርስ ጧፍና ዕጣን ዘቢብም ይዞ ይሄዳል። ያ የተቈጣ አባት ራሱ ወደ ደጀ ሰላም ሲቀርብ የሚፈራውን ተክል ፍሬ በእጁ ይዟል።

ይህ ማለት ግን የአባት ፍርሀት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ኖኅ ወይን ተከለ፤ ጠጥቶም ሰከረ። መጽሐፍ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጻፋቸው፤ መትከሉን አልነቀፈም፣ ስካሩንም አልሸሸገም። የተክሉ ዕውቀትና የመጠኑ ዕውቀት ሁለት ናቸውና፣ አንዱን የያዘ ሌላውን ይዟል ማለት አይቻልም።

ወይን ገራዥ ካለፈው ዓመት እድገት አብዛኛውን ይቈርጣል፤ ያልተገረዘ ወይን ቅጠሉ በዝቶ ፍሬው ይከሳልና። የአትክልቱን ቅርንጫፍ መቍረጥ ተምሮ የገዛ ራሱን የትርፍ ምኞት መቍረጥ ያልተማረ ሰው፣ ምንም ዲግሪ ቢቀበል ትምህርቱን ገና አልፈጸመም። ስለዚህ አባት ልጁን ከመከልከል ይልቅ ይህን ቢጠይቀው ይሻላል፦ «አሠሪህ የማይገባ ነገር ባዘዘህ ቀን፣ ደመወዝህን አጥተህም ቢኾን ይበቃል ለማለት ትችላለህን?» ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚሄድ ልጅ ቢማር ለአገሩ ይጠቅማል፤ ጥያቄውን ንቆ የሚሄድ ግን ወይንን ትቶ ሌላ ቢማርም ያው ነው።