ስጦታው ከማን ጎተራ ወጣ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ማንኩሳ በሥነ ጽሑፋችን ስሟ የተተከለው በሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ታሪክ የሚያነሣው ከዚያ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ባልና ሚስቱ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ፤ ውሎ አድሮ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ስለቱ ከፊቱ ይገተራል።

እነዚህን ወላጆች በጭካኔ መውቀስ አይቻልም። ያሳላቸው ልጅን በሞት የመነጠቅ ፍርሃት ነው። ይሁንና ለፈጣሪ ያቀረቡት የራሳቸውን ዕድሜ ሳይሆን ገና ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ዕድሜ ነበር፤ ተሳዩ አንድ፣ ከፋዩ ሌላ። ስለ ፍቅርና ስለ በጎነት ሲነገር ዘወትር የሚመዘነው የሰጪው ልብ ነው። ስጦታው ከማን ጎተራ እንደ ወጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ምዕራብ ጎጃም ማሳ መውረድ ይጠቅማል። ወንፈል በቀን የሚቆጠር የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ከጎረቤቱ ማሳ የዋለ ሰው ነገ ከራሱ ማሳ ይዋልለታል። ይህን ስሌት የሚንቅ ቢኖር እርሻን የማያውቅ ነው። በደቦ ግን ቆጠራው ይላላል፤ ጠሪው እህልና ጠላ ያሰናዳል፣ የተጠራው ይመጣል። በሬ የሌላት መበለት ወይም ጉልበቱ የከዳው አዛውንት ደቦ ሲጠራ፣ የሚመጣው ሰው ብድሩ እንደማይመለስለት እያወቀ ነው።

የዚያችን ቀን ዋጋም ጠንቅቆ ያውቀዋል። የደረሰ ጤፍ ያለወቅቱ ዝናብ ቢወርድበት ይረግፋልና፣ በአጨዳ ወራት ለሌላ የተሰጠች ቀን ከራስ አዝመራ የተቆረሰች ናት። መበለቷም እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ ካላት ላይ ቀንሳ ትጠምቃለች። ጠላው ቢቀጥንም አጫጆቹ ጠጥተው ይመርቋታል እንጂ «አንቺማ ድኻ ነሽ፣ ይቅርብሽ» አይሏትም። ምናልባት ከዕለቱ ሥራ ሁሉ ረቂቁ ደግነት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ተረጂዋን ከሰጪነት ማዕረግ አያወርዷትም። ብዙ ለጋሾች ይህን አይችሉበትም።

ከሩቅ ለሚያይ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት የነበረው ሁዳድም ደቦ ይመስል ነበር። በሬው ያው፣ ሞፈሩ ያው። ልዩነቱ ጠሪው ትእዛዝ መሆኑ ነበር። በዚያው ልብ ወለድ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በጌታቸው ላይ መነሣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁዳዱ ቀርቷል፤ ፈተናው ግን አልቀረም። ገበሬውን ለዕርከን ሥራ አስወጥቶ ራሱ ከዋርካ ጥላ ሥር የሚቀመጥና የሰውን ላብ «ሕዝባዊ ፍቅር» ብሎ በሪፖርት የሚያሰፍር ሹም ከማንኩሳ ወላጆች ያንሳል። እነርሱስ ከልጃቸው ጋር የልጅ ልጃቸውንም አብረው ሰጥተዋል። የመበለቷን ችግር በግጥም አሰምቶ ጭብጨባውን ይዞ የሚሄደው ከያኒም ቢሆን ጠላዋን በነፃ ከጠጣ ሰው ብዙም አይለይም።

በበርበሬና በበቆሎ በሚታወቀው በቡሬ ዙሪያ ዛሬ ሥራው እየበዛ ወደ ቀን ሠራተኛ ያዘነብላል። ላብ በገንዘብ መከፈሉ አያስነቅፍም። መቅጠሪያ የሌላት ግን ዛሬም ጌሾዋን ወቅጣ ትጠነስሳለች፤ ማን እንደሚመጣላት ደጅ ደጁን እያየች።