የጓሮው ጎተራ

ሩዝ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ነው። መጀመሪያ የተዘራውም በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ማሳ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ምሳሌ ነው።

ማኅበሩ ዝሩ ሲል ተዘራ፣ እጨዱ ሲል ታጨደ። እህሉን የወደደው ግን አልነበረም። ገበሬዎቹ «የወፍ ቀለብ» እያሉ ቀን ለማኅበሩ ሰፍረው ያስረክባሉ፣ ማታ የጤፍ እንጀራቸውን ይበላሉ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ማኅበሩ ሲፈርስ በሬ የደረሰው በሬውን፣ ሞፈር የደረሰው ሞፈሩን ይዞ ሄደ። ዘሩን የጠየቀ የለም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ብቻ የተረፈውን አንድ ቁና በነጠላዋ ቋጥራ ወሰደች።

ድርሻዋ ውሃ የሚተኛበት፣ ጤፍ የማይሆንለት የዋልካ ጥግ ነበር። እዚያ ዘራችው፤ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ በእጇ አረመችው። ሲደርስ ወቅጣ፣ ከጤፍ ጋር አስፈጭታ ጋገረች። እንጀራው ነጣ። ጎረቤት ቡና ስትጠራ ያንኑ አቀረበች፤ ስለ ሩዝ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«እትዬ፣ ምን ጤፍ ነው እንዲህ የሚነጣ?» አለች የጎረቤት ምራት።

«ማኅበሩ ጥሎት የሄደው ነው።»

«ያ የወፍ ቀለብ?»

«ብይ እንግዲህ፤ ክንፍ ካወጣሽ እናያለን።»

በሳምንቱ ልጅቷ ጣሳ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ዘሩን ሰፈረችላትና «ሲደርስልሽ ለእኔ አትመልሺ፤ ጓሮ ካለው ጎተራ ጨምሪው፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሁን» አለቻት። ልጅቷ ከጉማራ ማዶ ላለው ለእናቷም ሰፈር ላከች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎተራው የመንደሩ ሆነ።

ዓመታት አለፉ፤ በየቤቱ ሩዝ ሞላ፣ ወረታ ላይ መፈልፈያው በረከተ። ጎተራው ተረሳ። ክዳኑ ሲያፈስ አንዱ «ግብርና ቆርቆሮ ይሰጣል» አለ፤ ሌላው «የእሷ አይደል እንዴ?» አለ። አንድ ክረምት ርብ ዳርቻውን ጥሶ ማሳውንም ጓዳውንም ሲያጥለቀልቀው ሁሉም ዘር ፍለጋ ወደዚያ ሮጠ። ዘሩ ሻግቷል። መንደሩን ከችግር ያወጣው ከጉማራ ማዶ በአህያ የመጣ ዘር ነው። አሮጊቷም ዘሩ ከመራገፉ በፊት «መጀመሪያ ክዳኑ! ሳር ያለው ሳር፣ ልጥ ያለው ልጥ ያምጣ» አለች።

እኛ ካቶሊካውያንም በዚህ አገር እንደ ማኅበሩ ያለውን የትእዛዝ መንገድ አይተነዋል። አፄ ሱስንዮስ ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን ደንቀዝ ላይ ተቀምጠው እምነታችንን የመንግሥት እምነት አደረጉት፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 አዋጁን ራሳቸው ሻሩት። ያንን ዘመን በናፍቆት የሚያነሣ ካቶሊካዊ ሲገጥመኝ ይገርመኛል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ አባ ያዕቆብ የምንላቸው፣ ጦርም አዋጅም አልነበራቸውም። ቋንቋችንን ተማሩ፣ እንደ አገሬው መነኩሴ ለበሱ። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል አብረዋቸው ሮም ድረስ ተጉዘው አኗኗራቸውን አዩ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ።

በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን መካከል ጥቂቶች ነን። እምነት ማካፈል ጎረቤትን ከደጀ ሰላሙ መጎተት አይደለም፤ አብሮ መኖርና ሲጠየቁ አለማፈር ነው። አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከጠያቂው ቀድመን ወሬ እንለውጣለን።

የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ገና ልጅ ነው። በየቁምስናው ግን ስለ ጎተራው ክዳን እንደተባለው ሁሉ ዛሬም «ሚሲዮኖቹ ይሠሩታል፣ ከውጭ ይመጣል» ይባላል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሚመጣው እሑድ መባችሁን ይዛችሁ ኑ። ገንዘብ ያጠረው ጉልበቱን፣ ሙያ ያለው ሙያውን ይዞ ይምጣ። ጎረቤት ለምን ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄዱ ከጠየቃችሁም ቁጭ ብላችሁ መልሱለት።