የፈንገሱ መርዝ ለማን ተሠራ?

በቻይናና በኮርያ የመድኃኒት እንጉዳይ አምራቾች ሩዝ በያዙ የመስታወት ዕቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ፣ ጣት መሰል ፈንገስ ያበቅላሉ። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲሴፕስ ሚሊታሪስ ነው። በዱር ግን ኑሮው ሌላ ነው። አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከውስጥ እየበላ ይገድለዋል፤ ኋላም ሬሳውን ቀዶ ወደ ብርሃን ይወጣል።

አምራቾቹ ከሁሉ በላይ የሚሹት ኮርዲሴፒን የተባለውን ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ መጠኑን ለማሳደግ ብዙ ተሞክሯል። ሰማያዊ ብርሃን ያበሩለታል፣ ሩዙ ላይ የሐር ትል ዱቄት ይጨምሩለታል፣ አዴኖሲንና ግላይሲን ያክሉበታል። ጃፓናውያን ሬይሺ፣ ቻይናውያን ሊንግዚ በሚሉት እንጉዳይ ላይ የሚደረገው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ዕፅዋት በተባይ ሲበሉ ወይም ሲቆስሉ ሜቲል ጃዝሞኔት የተባለ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ያመነጫሉ። ይኸው ኬሚካል ሬይሺ ላይ ሲጨመር፣ እንጉዳዩ ማንም ሳይነካው ጋኖደሪክ አሲድ የተባሉትን መራራ ውህዶች አብዝቶ ይሠራል። ከልክ ያለፈ ሙቀትም ወደዚያው ይገፋዋል።

የሰው ልጅ መድኃኒት ብሎ የሚሰበስበው እንግዲህ በአብዛኛው የሌላ ፍጡር መሣሪያ ወይም ጋሻ ነው። ኮርዲሴፒን የነፍሳትን የበሽታ መከላከያ እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ቅርጹ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ካለው ከአዴኖሲን ጋር ይመሳሰላል፤ የጎደለው አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ነው። ሕዋሱ ተታልሎ አርኤንኤ ሲሠራ ከሰካው፣ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል፤ ቀጣዩ ክፍል የሚያያዝበት ቦታ የለውምና። ተመራማሪዎች ውህዱን በካንሰር ሕዋሳት ላይ የሚፈትኑትም በዚሁ ጠባዩ የተነሳ ነው።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አባጨጓሬን ለመግደል የተሠራ ነገር ለሰው ተሰጠ ማለት ይቻላልን?

አርስቶትል ዕፅዋት ለእንስሳት፣ እንስሳት ደግሞ ለሰው እንደተሠሩ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1677 የታተመው የፈላስፋው ስፒኖዛ «ሥነ ምግባር» የተሰኘ መጽሐፍ ግን ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ ይነቅፋል። እንደ ስፒኖዛ ከሆነ ሰው የጠቀመውን ሁሉ ለእርሱ ታስቦ የተሠራ አድርጎ ይወስዳል፤ ተፈጥሮ ግን እንዲህ ያለ ግብ የላትም። የፈንገሱ ነገር ለስፒኖዛ የሚመሰክር ይመስላል። ኮርዲሴፕስ ሰውን አያውቅም፤ መሣሪያውንም የሠራው ለራሱ ኑሮ ነው።

ይሁን እንጂ የሃይማኖቱ መልስ እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒት ከምድር የተገኘ የፈጣሪ ሥራ መሆኑን ይናገራል። በእስልምናም አላህ ፈውስ ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ የሚያስተምር ሐዲስ በቡኻሪ ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ያው የሲራክ ምዕራፍ ሐኪሙንና መድኃኒት ቀማሚውንም ማንሳቱ ነው። በምድሪቱና በታማሚው መካከል የሰው እጅ አለ። ስጦታው ተዘጋጅቶ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ለይቶ፣ መጥኖ፣ ቀምሞ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ከታየ መርዝ መሆኑ ስጦታነቱን አይሽረውም፤ የሰውን ኃላፊነት ግን በእጅጉ ያከብደዋል።

ምርት ማብዛትም ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 በኦክስፎርድ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ ክፉ ቁስለት ይዞት ፔኒሲሊን ተወጋ። በቀናት ውስጥ ተሻለው። መድኃኒቱ ግን አለቀ። ሐኪሞቹ ከሽንቱ ውስጥ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ሰጡት፤ አልበቃም፤ በመጋቢት ሞተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ሃዋርድ ፍሎሪና ኖርማን ሂትሊ ፔኒሲሊን የሚሠራውን ሻጋታ ይዘው አሜሪካ ገቡ። በኢሊኖይ ፒዮሪያ ከተማ በቆሎ ሲዘፈዘፍ የሚቀረው ፈሳሽ ምርቱን እንደሚያበዛ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1943 በዚያው ከተማ ከተገኘ የሻገተ ሜሎን የተሻለ ዝርያ ተለየ፤ ዘሩም በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት ጨረር እየተመታ ከፊተኛው የበለጠ የሚያመርተው እየተመረጠ ሄደ። ሻጋታ ነርቭ የለውም፤ ስለ ጨረሩ በጭካኔ የሚከሰስ ሰው ያለ አይመስልም። የአሌክሳንደርን አልጋ ያሰበ ሰው ደግሞ ማብዛቱን በራሱ ስግብግብነት ሊለው አይችልም።

ከበድ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሻንጋይ ተመራማሪዎች ኮርዲሴፕስ ሚሊታሪስ ኮርዲሴፒንን እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ጎን ለጎን የተሰለፉ አራት ዘረ መሎች ሥራውን ይከፋፈሉታል። በእነዚሁ ዘረ መሎች ሌላ ውህድም ይሠራል፤ ፔንቶስታቲን ይባላል። ኮርዲሴፒንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል፤ አንዱ የሌላው ጠባቂ ነው ማለት ነው። ኮርዲሴፒኑ ራሱን ፈንገሱን እስከሚመርዝ ሲከማች ደግሞ ፈንገሱ ወደማይጎዳው ነገር ይለውጠዋል። ለራሱ የሚበቃውን ልክ ጠብቋል። ሰው የሚመጣው ይህን ልክ ለመጣስ ነው።

ፔንቶስታቲን ለሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ለአንድ ብርቅ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደ፣ በሐኪም ክትትል በደም ሥር የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። የበሽታ መከላከያን ያዳክማል፤ በከፍተኛ መጠን ኩላሊትንና ነርቭን ጎድቷል። ስለዚህ ኮርዲሴፒንን ለማብዛት የሚደክም አምራች ጠባቂውንም አብሮ እያበዛ ሊሆን ይችላል። በዱቄትና በካፕሱል ለጤናማ ሰው የሚሸጥ ምርት ላይ የኮርዲሴፒኑን ሚሊግራም በጉልህ ጽፎ ፔንቶስታቲኑን ሳይለኩ መተው፣ የቀማሚውን ሥራ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ፈንገሱ ለገዢው የሚያስብበት ምክንያት የለውም። የሚያስበው አምራቹ ነው፤ ሁለቱንም ውህዶች ለክቶ፣ በሰው ላይ ያልተፈተነውን ያልተፈተነ ነው ብሎ በዕቃው ላይ የመጻፍ ዕዳም የእርሱ ነው።