ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ



የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁልጊዜ በታላቅ ነገር አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ጠብ ጠብ እያለ ይሰማል። ብዙ ተከራዮች በሚኖሩበት በአንድ ግቢ ውስጥ የጋራ ቧንቧ ተበላሸ እንበል። ሠራተኛ ተጠርቶ ጎማው ተለወጠ፤ ወር ሳይሞላ ግን እንደ ገና ማንጠባጠብ ጀመረ። ዳግመኛ ተጠገነ፤ ዳግመኛም ተበላሸ። በመጨረሻ ሰዎቹ ከሥሩ ባልዲ አኑረው ተዉት። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ደጋግሞ የሚመለሰውን ጉድለት መሸከም ትዕግሥት ነውን ወይስ ቸልታ? የሁሉ የሆነውንስ ነገር የማቃናት ዕዳ የማን ነው?

መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት፤ ሳያውቁ መፍረድ አይገባምና። በቀድሞው ዓይነት ቧንቧ እጀታውን ስናጠብቅ አንዲት ትንሽ ጎማ ወርዳ በናስ መቀመጫ ላይ ትጫናለች፤ ውኃውም ይዘጋል። ጎማዋ ስታልቅ ውኃው ያመልጣል። ነገር ግን ከሥር ያለው መቀመጫ ተጭሮ ወይም የኖራ ዝቃጭ ይዞ እንደ ሆነ፣ አዲሲቱም ጎማ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትበላለች። በአዲሱ ዓይነት ቧንቧ ደግሞ በጎማዋ ፈንታ ሁለት ለስላሳ የሸክላ ገጾች እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ውኃውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉም፤ እነርሱንም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትጭራቸዋለች። እንደ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ፣ ተቋርጦ የነበረው ውኃ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ጉዳቱ ይፈጥናል። ሌሊት ደግሞ ተጠቃሚው ሲያንስ የመስመሩ ግፊት ከፍ ስለሚል፣ ቀን ዝም ብሎ የዋለው ቧንቧ ሌሊት ያንጠባጥባል።

ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው ነገር፣ ምልክቱን ማስወገድና ምክንያቱን ማስወገድ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። ለዚያች ሌሊት ዝም ይልለታል፤ ነገር ግን ያ ኃይል ራሱ ጎማዋን ይጨፈልቃል፣ መቀመጫውንም ይጎዳል፤ የዛሬው ዝምታ ለነገው ብልሽት ምክንያት ይሆናል። በባልና በሚስት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ጠብም በቁጣ ጸጥ ሲደረግ እንዲሁ አይደለምን? ደግሞም ሠራተኛውን ለመውቀስ አንቸኩል። «ጎማውን ብቻ ለውጥና ቶሎ ሂድ፤ ዋጋውም ይነስ» ያለው ሰው ያዘዘውን አግኝቷል። እውነተኛው ጥገና ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘግቶ ቧንቧውን መፍታት፣ መቀመጫውን በጣት ዳስሶ መመርመር፣ ዝቃጩን ማጽዳት፣ የተጫረውን መሞረድ ወይም መለወጥ፣ መስመሩንም ጥቂት ውኃ አፍስሶ ማጠብ ነው። በአዲሱ ዓይነት ቧንቧ የሸክላ ገጾቹ ከተጫሩ የውስጡን ዕቃ በሙሉ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ጊዜንና ገንዘብን ይጠይቃል፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ በደንብ መክፈል ይሻላል።

ሁለተኛው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ትዕግሥት ሊወገድ የማይቻለውን ሸክም መሸከም፣ የሰውንም ድካም መቻል ነው። ሊወገድ የሚቻለውን ትቶ ሌላው እንዲከፍልበት ማድረግ ግን፣ ስሙ ትዕግሥት ቢባልም፣ ቸልታ ነው። ስለዚህ «እኔ ታግሻለሁ» የሚል ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በቀን 86,400 ጠብታ ይሆናል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሞላል ብንል እንኳ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይፈስሳል፤ ይህም 20 ሊትር የሚይዙ ከ75 የሚበልጡ ጄሪካኖችን ይሞላል። አንዱ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ከቦኖ ቀድታ በጀርባዋ የምታመላልስ እናት ክብደቱን ታውቀዋለች።

«እኔ የማድናት ጠብታ ወደ እርስዋ ጄሪካን አትሄድም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ ከአንድ ቤት ተነሥታ ወደ ሌላው አትጓዝም። ነገር ግን የከተማው መስመር የጋራ ነው፤ በዚህም በዚያም የሚፈስሰው ሲደማመር የመስመሩ ኃይል ይደክማል፣ በከፍታ ላይ ያለው ሰፈርም መጀመሪያ ይጎዳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን በሐምሌ 2002 ዓ.ም. አውቆ ውሳኔ አሳልፏል። የአንዱ መብት ከሌላው ግዴታ ተለይቶ አይቆምምና፣ ይህ ውሳኔ ወደ እያንዳንዳችን ግቢ ይደርሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ የዕዳው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ባለቤቱ «የሚጠቀሙበት ተከራዮቹ ናቸው» ይላል፤ ተከራዮቹም «ቤቱ የእርሱ ነው» ይላሉ፤ ከተከራዮቹም እያንዳንዱ ጎረቤቱ እስኪነሣ ይጠብቃል። በዚህ መካከል ሒሳቡ ለሁሉ እኩል ሲካፈል፣ ብቻዋን የምትኖረው መበለት ያልተጠቀመችበትን ውኃ ትከፍላለች። እኛ እንደሚመስለን ወጪውን በፍርድ መለየት ይገባል፤ ኪራይ የሚቀበል የዕቃውን ዋጋ ይቻል፣ በግዴለሽነት የሰበረም የሰበረውን ይተካ። ነገሩን ማንሣት ግን ወጪው እስኪለይ አይቆይም። ሰምቶ ተነሥቶ መዝጊያውን መዝጋት፣ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ መናገር ድምፁን አስቀድሞ የሰማው ሰው ዕዳ ነው። ያልሰማ ይቅርታ አለው፤ የሰማ ግን «የእኔ ብቻ አይደለም» በማለት ነጻ አይወጣም። የጋራ የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ የሚጠፋው የሰማው ሁሉ ዝም ስለሚል ነውና።

እንግዲህ ወዳጆች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ወደ ቆጣሪው ሄደን እንመልከት። ውኃ እየገባ ሳለ፣ ማንም ሳይጠቀም ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ በአንድ ስፍራ ውኃ እያመለጠ ነው። ያን ስፍራ ፈልገን እናግኘው፤ ምክንያቱን እስክናገኝም ድረስ ጥገናው ተፈጽሟል አንበል።