ያልደረሰ አደጋ ያስጠይቃል ወይ?

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ ቢቀር፣ ነገር ግን በዚያ ሳቢያ ማንም ባይጎዳ፣ ያ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? «ታዲያ ምን ደረሰ!» ብለን የምናልፈው ነገር በእርግጥ የሚታለፍ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላመጣነውም። ከአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው ያገኘነው። መጽሐፍ የገለጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞተሯ የሦስታችን ናት። ጃፓን ሠራሽ ባለ 125 ስትሆን በዕድሜ ከሦስታችንም ትበልጣለች። ተዋጥተን ገዛናት። ሳምንቱን ተከፋፍለን በየተራ እንነዳታለን፤ ቤንዚን የሚሞላው ተረኛው ነው፤ ካንዴላ ቢበላሽ ለሦስት ይከፈላል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ተፈራርመናል። «ፍሬኗን የሚያየው እገሌ ነው» የሚል መስመር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም።

ባለፈው ክረምት ሁለታችን ተፈናጠን ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ስንወርድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንድ ልጅ፣ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ያመለጠችውን በግ ተከትሎ ከመንገዱ ዳር ዱብ አለ። የፊቱን ፍሬን ጨበጥን። እጀታው መሪው ድረስ መጣ፤ ሞተሯ ግን እንደ ወረደች ትወርዳለች። የኋላውን ረገጥን፤ ጎማው ቆመና መንሸራተት ጀመረ። ልጁን በክንድ ያህል ርቀት አለፍነውና ቦይ ውስጥ ገባን። እሱ ትንሽ ቆሞ አየን፣ ከዚያ በጉን ፍለጋ ሄደ። የእኛ ጉልበት ተላጠ፣ መስተዋቷ ተሰበረ። ሌላ የደረሰ ነገር የለም።

ያን ዕለት ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳችን፣ «እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም፤ ይብቃ፣ አታካብዱት» አለ። ሌላው፣ «ልጁ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢሆን ኖሮስ?» አለ። «ቢሆን ኖሮ ነው እንጂ አልሆነም። ባልሆነ ነገር ሰው ይከሰሳል እንዴ?» አብሮን ያልነበረው ሦስተኛው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ባለፈው ሳምንት እጀታው ላላ ሲልብኝ የሽቦውን ዳዶ አጥብቄው ነበር» አለ። «እኔም ከዚያ በፊት አጥብቄዋለሁ» አለ አንዱ። ቢቆጠር ሦስታችንም በየተራችን አጥብቀነዋል። ከፍቶ ያየው ግን ማንም የለም።

በማግሥቱ ሞተሯን እየገፋን አንድ የታወቁ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የፊቱን ጎማ አውርደው የፍሬኑን ታምቡር ከፈቱና እንድናጎነብስ ጠሩን። ይህ ዓይነቱ ፍሬን አሠራሩ ቀላል ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ብረቶቹ ሸራ ለብሰዋል። እጀታውን ስንጨብጥ ሽቦው ይሳባል፣ ብረቶቹ ይከፈታሉ፣ ሸራው የታምቡሩን ግድግዳ ይዞ ጎማውን ያቆማል። በኛይቱ ላይ ሸራው አልቆ ብረቱ ራሱ ታምቡሩን መቧጨር ጀምሯል።

«ልጆቼ፣ ዳዶዋን ስታጠብቁ ምን ያጠበቃችሁ መሰላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሸራው በሣሣ ቁጥር እጀታው ይላላል። መላላቱ እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ነው። ዳዶውን ስናጠብቅ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ሸራው ግን እንደ ሣሣ ነው። እኛ ፍሬኑን ያደስን መስሎን የፍሬኑን አፍ ነበር የምንዘጋው። ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩን። ከታምቡሩ ውጭ፣ ሽቦው በሚስበው ክንድ ሥር፣ ትንሽ ቀስት ተቀርጻለች። ፍሬን ሲያዝ ቀስቷ ከምልክቷ ካለፈች ሸራው አለቀ ማለት ነው። ለማየት መፍቻ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ቀስቷ ሞተሯን ከገዛንበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ከዚያ ወደ ጎማው ዞሩ። እዚህ ላይ እንኳ ልንሟገት ሞከርን፤ የጎማው ጥርስ ገና ጥልቅ ነው፣ አላለቀም አልን። ጋሼ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበቡን፤ 3408 ይላል። ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በ34ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት በሥሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ፤ ክረምት ያልነካው ጭቃ ይመስላል። ጎማ የሚያረጀው በመንዳት ብቻ አይደለም። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፤ ሲደርቅ አስፋልቱን፣ ይልቁንም እርጥቡን አስፋልት፣ መያዝ ያቅተዋል። ሁለት ጎማ ያላት ሞተር ደግሞ መንገዱን የምትይዘው በሁለት መዳፍ በሚያህል ላስቲክ ብቻ ነው። ይህም ትምህርት ሆነን፤ ያላለቀ ነገር ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ያለቀ ፍሬን ምን ያህል እንደሚያሳጣ ማታ በወረቀት አሰላነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። አይቶ እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 11 ሜትር ገና ፍሬን ሳይነካ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ደኅና ፍሬንና ደኅና ጎማ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ገደማ ያቆሙታል። የመያዝ ኃይሉ በግማሽ ቢቀንስ ግን 20 ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ 10 ሜትር ነው። ያ ልጅ ቆሞ የነበረው እዚህ 10 ሜትር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰውና ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይተርካል። መርከቧ አርጅታለች፤ ሰውየውም ይህን ያውቃል። መጠገኗ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ግን «እስከ ዛሬ ስንት ማዕበል አልፋ የለ!» እያለ ራሱን አሳመነ፤ ከልቡም አመነ። መርከቧ ከነሰዎቿ ሰጠመች። ክሊፎርድ ከዚያ የባሰውን ጥያቄ ያነሣል። መርከቧ በሰላም ብትደርስ ኖሮ የሰውየው ጥፋት ያንስ ነበር ወይ? ቅንጣት አያንስም ይላል። ሰውየው የተጠየቀው ያመነው ነገር እውነት ሆነ አልሆነ ተብሎ ሳይሆን፣ ያን ለማመን መብት ነበረው ወይ ተብሎ ነው። እኛም «ፍሬኗ ደኅና ናት» ብለን እናምን ነበር፤ አልዋሸንም። ግን ሳናይ የማመን መብት ከየት አገኘን?

ይሁን እንጂ ጉዳዩ እዚህ ላይ አያልቅም። አሜሪካዊው ቶማስ ኔግልና እንግሊዛዊው በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ዕድልና ግብረገብ በሚገናኙበት ጉዳይ ላይ ተከራክረዋል። ኔግል ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ፍሬኑን ሳያስመረምር ቆይቶ ሕፃን የገጨ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን በሕፃኑ ሞት ራሱን ይወቅሳል። ልክ እንደሱ ቸል ብሎ፣ ነገር ግን ሕፃን ያልገጠመው ሹፌር ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። ስንፍናቸው አንድ ነው፤ የለያቸው ልጁ ብቻ ነው። ጥፋት የሚመዘነው በፈቃድና በሐሳብ ከሆነ፣ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ዓ.ም. እንዳስተማረው ማለት ነው፣ ሁለቱን እኩል ልንወቅስ ይገባል። እኩል እንወቅሳለን ወይ? አንወቅስም። ፍርድ ቤትም እኩል አይቀጣም፤ የሟቹ እናትም እኩል አታለቅስም።

እኛ ብዙ ከተሟገትን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። የሁለቱ ሹፌሮች ጥፋት አንድ ነው፣ ዕዳቸው ግን አንድ አይደለም። የገጨው ሰው የሰው ነፍስ ዕዳ አለበት፤ ያን በምንም አይከፍለውም። ያልገጨው ሰው ዕዳውን ገና መክፈል ይችላል፤ የሚከፍለውም ታምቡሩን በመክፈት ነው። ዕድል የሰጠው ነገር ቢኖር ንጽሕና ሳይሆን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ «ተመስገን» ብሎ ብቻ ካሳለፈው፣ በሚቀጥለው ክረምት ለሚደርሰው ነገር «ሳላውቅ ነው» ማለት አይችልም። ማመስገኑን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ምስጋናውን እንደ ጥገና መቁጠሩን ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንጠብቃለን። «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ሞተሯን ብታቆሟት በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። በሞተር ዕቃ አመላልሶ ልጆቹን የሚያበላውስ? ጎማ ቀይር ስትሉት ዳቦውን ከየት ያምጣ?» የሚል። ነገሩ እውነት ነው፣ አናቃልለውም። እኛ ራሳችን ለሁለት ጎማ፣ ለሁለት ከመነዳሪና ለፍሬን ሸራ የሁለት ወር የኪስ ገንዘባችንን ከፍለናል። ድኻ ጎማ አልገዛም ብሎ አይወቀስም። ነገር ግን ከግዢው በፊት ማየት የሚባል ነገር አለ፤ ማየት ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ጎማው መድረቁን ያወቀ ሰው በዝናብ ቀን ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ሰው አይጭንም። ያላየው ግን ይህን እንኳ አያደርግም። ስለዚህ ድህነት አለመግዛትን ሊያስተሰርይ ይችላል፤ አለማየትን አያስተሰርይም። የኛ ጥፋት ደግሞ የቸገረው ሰው ጥፋት አልነበረም። ሦስት ባለቤት ያላት ሞተር ጠባቂ አጥታ ነው። እያንዳንዳችን «ሌላው አይቶት ይሆናል» አልን። የጋራ በሆነው ነገር ሁሉ ላይ፣ በመኝታ ቤቱ ቧንቧም ሆነ በክፍሉ መብራት፣ የምናደርገው ይህንኑ አይደለም ወይ?

ጥገናውን ጋሼ በእኛው እጅ አሠሩን። አቧራውን በአፋችን እፍ ልንል ስንል ከለከሉን፤ የድሮ ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ጎማውን ስናስገባ ብረቱን በጉልበት ብንገፋው አዲሱን ከመነዳሪ ነክሶ እንደሚበሳው ነገሩን፤ በሳሙና ውሃ አርሰን፣ የወዲያኛውን ከንፈር ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ ገፍተን፣ በትዕግሥት አስገባነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን አየን። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ስለሚያንሸራትት 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ ንዱ ተባልን።

ልንሄድ ስንል አንድ ነገር ቀረ። አንድ ሰው አሮጌዎቹን ጎማዎች አየና ዋጋ ጠየቀን፤ ለሞተሩ ፈልጓቸው ነው። እውነቱን እንናገርና፣ ልባችን ከጅሏል። ኪሳችን ባዶ ነው፣ ጥርሱም ከላይ ሲያዩት ጥልቅ ነው፣ ሰውየውም ስለ ስንጥቁ አልጠየቀም። ሦስታችን ተያየን። ከዚያ አንዳችን ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጣቱ ገፍቶ አሳየው። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀና፣ «እኔኮ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ቢላዋቸውን አንሥተው ሁለቱንም ጎማ ቆራረጧቸው። ለበረባሶ ሠሪ ነው የሚሰጧቸው፤ እግር ላይ ሲሆን ማንንም አይገድልም።

ሰውየው ተናዶ ሄደ። ጋሼ የሰውየውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መቁረጣቸው ትክክል ነበር ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም። የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ለሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለናል። በወረቀታችን ላይ ግን አንድ መስመር ጨምረናል። ቅዳሜ ጧት ሦስታችንም ባለንበት ቀስቷ ትታያለች።